አጥንትን ለእጅ ሥራ ማዘጋጀት፦ ከሥጋ ማጽዳት፣ ስብ ማውጣት፣ ማንጣትና ማድረቅ

ከአጥንት የተሠራ የቢላ እጀታ፣ አዝራር ወይም ዶቃ ሲያልቅ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ከወራት በኋላ ከወየበ፣ እጅ ላይ ከቀባና ከከረፋ፣ ጥፋቱ የቅርጽ አወጣጡ አይደለም፤ አጥንቱ ውስጥ የቀረው ስብ ነው። ሥጋና ጅማት በዓይን ስለሚታይ ማንም ሰው ይፍቀዋል። ስቡ ግን በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይደበቃል። ላዩ ደርቆ ሳለ ውስጡ እንደራሰ ይቆይና ሙቀት ባገኘ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ሁሉ ብዙ ቀን የሚፈጀውም፣ ሊዘለል የማይገባውም ይኸው ስብ የማውጣት ሥራ ነው።

አስቀድሞ አጥንት ከምን እንደተሠራ ማወቅ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። የደረቀ አጥንት ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ማዕድን ነው፤ በዋናነት የካልሲየምና የፎስፌት ውሕድ። የቀረው ባመዛኙ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ አጥንቱን ያጠጥረዋል፤ ኮላጅኑ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ አስሮ ስለሚይዘው በቀላሉ አይሰበርም። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ውስጥ የተዘፈዘፈ አጥንት ማዕድኑ ሟሙቶ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳና ረጅም ፍላት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፦ ኮላጅኑን በልተው አጥንቱን ጠመኔ ያስመስሉታል። አንድን ዘዴ ከመሞከራችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስቡን ያወጣል? ኮላጅኑን ይነካል?

የትኛው አጥንት ይሻላል

ለጀማሪም ለባለሙያም የሚመቸው የከብት እግር የታችኛው አጥንት ነው፤ ከጉልበት በታች እስከ ሸሆናው የሚወርደው ቀጥ ያለው። ሥጋ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ጅማት ብቻ ነው። የመካከሉ ግድግዳ ወፍራምና ድፍን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ቁራጭ ይወጣዋል። ሦስተኛው ጥቅም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ በእንስሳ እግር ላይ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ስቡ እየቀጠነ ይሄዳል። የሆድ ሞራ በክፍል ሙቀት ግግር ሲል፣ የታችኛው እግር መቅኔ ወደ ዘይትነት ያዘነብላል። ቀጭን ስብ ደግሞ ቶሎ ይለቃል።

የጭን አጥንትና ቅልጥም ከዚያ የሰፋ ቁራጭ ይሰጣሉ፤ ስባቸው ግን ረግቶ የሚጠጥር ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። የጎን አጥንት ላዩ ስስ፣ ውስጡ ወንፊት ነው፤ ለስስ ሰሌዳ ካልሆነ አይመከርም። የበግና የፍየል እግር ለመርፌ፣ ለወስፌና ለትናንሽ ዶቃ ይበቃል። የጥጃ አጥንት ገና ስላልጠና ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ሲሞረድም አይጠራም።

ግፊት ባለው ድስት የተቀቀለ ወይም እሳት ላይ የተጠበሰ አጥንት አትውሰዱ። ኮላጅኑ አስቀድሞ ተጎድቷል፤ ላዩ ደኅና ቢመስልም ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲያንገበግበው የከረመም እንዲሁ ነው፤ በርዝመቱ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች አሉበት።

ከሁሉ በላይ፣ ታሞ ወይም በድንገት ከሞተ እንስሳ የተገኘ አጥንት ፈጽሞ አትንኩ። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል፤ ተራ ፍላትም ላያጠፋው ይችላል። በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ለምግብ የታረደ ከብት አጥንት ብቻ ተጠቀሙ። የከብት ጭንቅላትና አከርካሪም ከአንጎልና ከነርቭ ጋር ስለሚነካካ ለዚህ ሥራ አይሁን። ጥሬ አጥንት ስትነኩ የላስቲክ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ አስቀድማችሁ ሸፍኑት።

1. ሥጋውን፣ ጅማቱንና ሽፋኑን መፋቅ

በስለታም ቢላ ትላልቁን ጅማት ቆርጣችሁ አንሡ። ከዚያ ቢላውን ገልብጡና በጀርባው ፋቁ፤ ጀርባውን በአጥንቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። በስለቱ ከፋቃችሁ ቢላው ይነክሳል፤ የነከሰው ጭረት በኋላ ካልተሞረደ አይጠፋም።

አጥንቱን እንደ ስስ ወረቀት የለበሰ ሽፋን አለ። እርጥብ ሳለ ጥፍር ብታስገቡበት ተላጦ ይመጣል። ከደረቀ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ቀለምም ማንጫም አያሳልፍም። ስለዚህ አጥንቱን ባገኛችሁበት ቀን ፋቁት። ጊዜ ከሌላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት እንጂ ተከፍቶ እንዲያድር አትተዉት።

2. ጫፎቹን መቁረጥና መቅኔውን ማውጣት

ሙሉ አጥንት የግድ የምትፈልጉ ካልሆነ በቀር ሁለቱንም ጫፎች በጥሬው ቁረጡ። ጉልላቶቹ ውስጣቸው ስፖንጅ ነው፤ አብዛኛው የሚያስቸግር ስብ ያለው እዚያ ነው፤ ለእጅ ሥራም እምብዛም አይጠቅሙም። አጥንቱ መስፋት ከሚጀምርበት 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ መሐል ገባ ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

አጥንቱን በጨርቅ ወይም በቆዳ ጠቅልላችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት፤ ሞርሳውን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁ ቱቦው ይሰነጠቃል። መጋዙ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ (ሴጌቶ) ይሁን፤ በኢንች 18 ወይም 24 ጥርስ ያለው ይስማማል። የእንጨት መጋዝ ጥርስ ትልቅ ስለሆነ ይነክስና ጠርዙን ይገነጥለዋል። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ በዝግታ ቁረጡ። እርጥብ አጥንት ከደረቀው ይልቅ ይለሰልሳል፣ ብናኙም ወደ አየር አይነሣም። ቢሆንም መነጽርና ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል አይለያችሁ። የአጥንት ብናኝ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

መቅኔው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ያን ጊዜ በአንድ ወገን በዱላ ስትገፉት በሌላው ወገን እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ ይወጣል። ካሞቃችሁት ግን ይቀልጥና ግድግዳው ላይ ይለቀለቃል፤ እናንተም በገዛ እጃችሁ ስቡን ወደ ቀዳዳዎቹ ትመግቡታላችሁ። የቀረውን ጫፉ በታጠፈ ሽቦና በጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ አውጡ። የከብት የታችኛው እግር አጥንት ሁለት አጥንቶች ተዋሕደው የሠሩት ነው፤ ከፊት በኩል በርዝመቱ የሚታየው ጭረት የመጋጠሚያቸው ምልክት ነው። በውስጡም የመካከለኛው ግድግዳ ቅሪት ስለሚኖር ሽቦው ቢያዝባችሁ አትደናገጡ፤ በሁለቱም ወገን አጽዱት።

3. በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ

የተቆረጠውን አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዘፍዝፉት። ውሃውን በየ8 ሰዓቱ ቀይሩ፤ አየሩ ሞቃት ከሆነ በየ6 ሰዓቱ። መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ይሆናል። ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው ይታያል፦ ሙቅ ውሃ የነካው ደም እዚያው ይረጋና ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ የሚደረግ ማንጣት ሁሉ ላያስለቅቀው ይችላል።

4. ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ማፍላት አይደለም

ለምግብ የማታውሉት ድስት ለዩ። ወለሉ ላይ ወንፊት ወይም የብረት መደርደሪያ አድርጉበት፤ አጥንት የድስቱን ወለል ሲነካ በአንድ በኩል ይቃጠላል። አጥንቱን አስገብታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ከላዩ 5 ሴንቲሜትር እስኪያልፍ ሙሉ፤ ለ5 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ። እሳቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አቁሙት። ቴርሞሜትር ከሌለ ምልክቱ ይህ ነው፦ እንፋሎት ይወጣል፣ ከሥር ጥቃቅን አረፋ ብቅ ይላል፣ ውሃው ግን አይንተከተክም። የተንተከተከ ውሃ ኮላጅኑን ወደ ጄላቲን ለውጦ ያወጣዋል፤ ድስቱ ሲቀዘቅዝ ውሃው ቢረጋ ያ የረጋው ነገር የአጥንታችሁ ጥንካሬ ነበር።

ለከብት አጥንት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ለበግና ለፍየል ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል። ስብ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ቶሎ ቶሎ ቅዱት። አጥንቱን ለማውጣት ስትሉ በተንሳፈፈው ስብ ውስጥ አታሳልፉት፤ ያወጣችሁትን ስብ መልሶ ይለብሰዋል። ይልቅ የመጨረሻውን ስብ ቅዱና ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ላዩን ወደ ሌላ ዕቃ አስፈስሱ፤ ውሃው ጠርቶ ሳለ አውጡት። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አትንከሩት፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል። ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይቀዝቅዝ። የቀዳችሁትን ስብ የዕቃ ማጠቢያ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፤ ቱቦው ውስጥ ይረጋና ይዘጋል።

ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) የሚጨምሩ አሉ። ሥጋውን ያላላል፤ ነገር ግን አልካሊ ስለሆነ መጠኑ ከበዛ ኮላጅኑን ይነካል። የግድ ከሆነ ለ5 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከ30 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ፣ ወፍራም አጥንት ላይ ብቻ። የአሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ ሶዳው ድስቱን ያጠቁረዋል፣ አጥንቱንም ያቆሽሸዋል።

ከዚህ በኋላ የቀረውን ጅማትና ሽፋን በቢላ ጀርባና በጠንካራ የናይለን ብሩሽ አጽዱ። የብረት ብሩሽ ጭረትና ዝገት ስለሚተው አይጠቅምም።

አጥንቱ ስስና በቀላሉ የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ የወፍ ወይም የትንሽ እንስሳ፣ ሙቀቱን ትታችሁ ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ተጠቀሙ፦ ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በ40 ዲግሪ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ኢንዛይሙ ፕሮቲን ስለሚበላ ሥጋውን ሲጨርስ ወደ አጥንቱ ላይ ይዞራል፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት። በተራ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት አክርሞ ሥጋውን በባክቴሪያ ማስበላትም ይሠራል፤ ሽታው ግን ከመኖሪያ ቤት ርቆ ካልሆነ የሚቻል አይደለም።

5. ስቡን ማውጣት

አሁን አጥንቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቀጥታ ወደ ማንጣት ከሄዳችሁ ላዩ ይነጣል፣ ስቡ ግን ከሥሩ ታሽጎ ይቀራል፤ በወራት ውስጥም ወይቦ ብቅ ይላል። ማንጫ ቀለም ይቀይራል እንጂ ስብ አያወጣም። ስለዚህ ስብ ማውጣት ሁልጊዜ ከማንጣት ይቀድማል።

የምንመክረው ዘዴ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ዘገምተኛ ነው፤ አጥንቱን ግን አይጎዳም፣ ሠሪውንም አይመርዝም። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፍ ስብ ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ውሃ ይይዛል፤ ስቡን ከቀዳዳው ጎትቶ ውሃው ውስጥ ይበትነዋል። ሳሙናው የእጅ ማለስለሻ ቅባትና ማንጫ የሌለበት፣ ቢቻልም ቀለም የሌለው ይሁን።

ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ለ10 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሳሙና ጨምሩ። ሙቀቱ ወሳኝ ነው፦ የከብት ስብ የሚቀልጠው በግምት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ ቀዝቃዛ ሳሙና ውስጥ አጥንቱ ዓመት ቢቀመጥ የረጋው ስብ እምብዛም አይነቃነቅም። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ብትጠብቁት ሥራው በብዙ ይፈጥናል። ቋሚ ማሞቂያ ከሌላችሁ ሙቀት የሚይዝ ክዳናም ሣጥን ውስጥ ጠዋትና ማታ ሙቅ ውሃ መቀየር ይበቃል፤ ባልዲውን በብርድ ልብስ መጠቅለልም ይረዳል። 60 ዲግሪን ግን አትለፉ፤ ለሳምንታት የሚቆይ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ከሚቆየው ይልቅ ኮላጅኑን ይጎዳል።

አጥንቱን ስታስገቡ ቱቦውን ዘንበል አድርጋችሁ አየሩ እንዲወጣ አድርጉ። አየር የያዘ ቱቦ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ያልነካው ግድግዳ ስቡን እንደያዘ ይቀራል። ጫፉ ያልተቆረጠ አጥንት ከሆነ በማይታይ ቦታ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ብሱለት፤ አንዱ ለውሃ መግቢያ፣ ሌላው ለአየር መውጫ ነው።

ውሃው ሲደፈርስ ወይም ላዩ ላይ ቢጫ ሽፋን ሲታይ ቀይሩት። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየ4 እና 5 ቀኑ ይሆናል። በየለውጡ አጥንቱን ቦርሹት፣ ውስጡንም በጡጦ ብሩሽ እጠቡት። ሳይቀየር የቆየ ውሃ ስብ ጠግቦ መሥራት ያቆማል፤ ባክቴሪያም ያፈራል፣ እንደ በሰበሰ እንቁላልም ይሸታል።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? ጫፎቹ የተቆረጡ የታችኛው እግር ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። የጭን አጥንት ከዚያ ይረዝማል። ጉልላቱ ያልተቆረጠ ሙሉ አጥንት ከ2 እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል፤ ጫፉን በጥሬው ቁረጡ ያልነው ለዚህ ነው። በቀን መቁጠሪያ አትፍረዱ፤ ውሃው ተከታታይ 3 ጊዜ ተቀይሮ ላዩ ላይ ምንም ሽፋን ካልታየ ወደ ፍተሻ እለፉ።

አሞኒያም ይሠራል፦ ለቤት ጽዳት የሚሸጠውን 1 እጅ በ10 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ከቤት ውጭ ለ1 ሳምንት። ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። በረኪና በነካው ዕቃ ውስጥ አሞኒያ አታድርጉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል።

አሴቶን (ስብ የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) ለትናንሽ ቁርጥራጮች ፈጣኑ መንገድ ነው። አጥንቱ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ አሴቶኑ በውሃው ቀጥኖ ጉልበቱን ያጣል። ክዳን ባለው የመስታወት ማሰሮ ከ3 እስከ 7 ቀን ዘፍዝፉት፣ ቢጫ ሲሆን ቀይሩት። ነገር ግን ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ተጉዞ ከርቀት ካለ እሳት ጋር ይገናኛል። ቤት ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ሲጋራ በሚጨስበት ቦታ አይሠራበትም፤ ፈጽሞም አይሞቅም። አጥንቱ ከአሴቶን ከወጣ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ውጭ ይናፈስ፣ ከዚያም በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ምንም ሽታ ሳይኖረው ብቻ ወደ ማንጫው ይሂድ። አሴቶንና ፐርኦክሳይድ (በ6ኛው ደረጃ የምንጠቀምበት ማንጫ) ከተቀላቀሉ በቀላሉ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራሉ፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ቸል አትበሉ። አንድም ጥርጣሬ ካላችሁ አሴቶኑን ትታችሁ ሳሙናውን ብቻ ተጠቀሙ። ቤንዚን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም፤ እሳቱ ይበልጣል፣ ሽታውም አጥንቱ ውስጥ ይቀራል።

ስቡ መውጣቱን መፈተሽ

አጥንቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና በጥላ ለ3 ወይም ለ4 ቀን አድርቁት። ከዚያ አራት ነገር ተመልከቱ። ወደ ብርሃን ስታነሡት ዘይት እንደነካው ወረቀት የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ስብ አለ። በጣት ስትዳስሱት ሰም ሰም የሚል ከሆነ ስብ አለ። የውሃ ጠብታ ብታንጠባጥቡበት ንጹሕ አጥንት ቀስ ብሎ ይመጠዋል፤ ስብ ያለበት ግን ጠብታውን እንደ ዶቃ አንከባሎ ያቆየዋል። በመጨረሻ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ በሚሞቅ ቦታ ለ48 ሰዓት ተዉት፤ ወረቀቱ ላይ የቅባት ምልክት ከወጣ ወደ ባልዲው ይመለስ። ከአራቱ የምናምነው ወረቀቱን ነው፤ ሌሎቹ የላዩን ሁኔታ ይነግራሉ፣ ወረቀቱ ግን የውስጡን ያወጣል።

6. ማንጣት

ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፦ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በ3 በመቶ ጥንካሬ። የገዛችሁት 6 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በ1 እጅ ውሃ፣ 12 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በ3 እጅ ውሃ፣ 35 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በ11 እጅ ውሃ አቅጥኑት። ማንጫውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ማንጫው አትጨምሩ። 35 በመቶ የሆነው ቆዳ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይከፈትም።

ዕቃው ፕላስቲክ ወይም መስታወት ይሁን። ብረት ፐርኦክሳይዱን ይበትነዋል፣ አጥንቱንም ያዝገዋል። ክዳኑን አታጥብቁት፤ ኦክስጅን እየወጣ ስለሚጠራቀም የታሸገ ዕቃ ይፈነዳል። አታሙቁት፣ ፀሐይም አታስመቱት። የሚንሳፈፈውን አጥንት በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ክብደት ጫኑት፤ ከውሃው በላይ የቀረው ክፍል በሌላ ቀለም ይደርቃል።

ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የምትፈልጉት ቀለም ይመጣል። በየ6 ሰዓቱ እያያችሁ ስትደርሱበት አውጡት። ለእጀታና ለጌጥ እንደ ወረቀት ከነጣ አጥንት ይልቅ የወተት ስልባቦት ቀለም ያለው ሲወለወል ያምራል፣ ላዩም ጠንካራ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ይበቃል እንላለን፤ ጭራሽ አለማንጣትም አያስነውርም። አረፋው መውጣት ካቆመና ቀለሙ ካልመጣ ፐርኦክሳይዱ ደክሟል፣ ቀይሩት። ሲያልቅ ለ1 ቀን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውንም 2 ወይም 3 ጊዜ ቀይሩ።

በረኪና አይሁን። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያስደስት ንጣት ያሳያል፤ ያ ንጣት ግን ኮላጅኑ ሲፈርስ የሚታይ ነው። ከታጠበ በኋላም ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ሥራውን ይቀጥላል፤ በወራት ውስጥ ላዩ እየተላጠ፣ እየተፈረፈረ ይወድቃል። መመለሻ የለውም።

7. ማድረቅ

አጥንት ውሃ ሲያጣ ይቀንሳል፤ ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ከደረቀ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። በፀሐይ፣ በምድጃ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አትቸኩሉ። ጥላና አየር ባለበት ቦታ፣ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ወንፊት ላይ አስቀምጡት፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ጫፎቹን በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልሏቸው። የተቆረጠ ቱቦ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ወፍራም ቁራጭ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። እርግጠኛ ለመሆን በግራም በሚመዝን ሚዛን መዝኑት፤ ለ3 ተከታታይ ቀን ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ያልደረቀ አጥንት ላይ ሙጫ አይዝም፤ ከእንጨት ወይም ከብረት ጋር ያገጣጠማችሁትም በኋላ ሲሟሽሽ ክፍተት ያወጣል።

ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሔው

ከደረቀ በኋላ ጫፉ ወይም አንድ ቦታው ከወየበ ስብ ነው። እንደገና ማንጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደ 5ኛው ደረጃ መልሱት። ቢጫው እንደ ካርታ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ በዚያ በኩል የአየር ኪስ ነበረ ማለት ነው፤ ቀዳዳ ብሱለት።

ላዩ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት ከሆነ ኮላጅኑ ተጎድቷል፤ በፍላት፣ በበረኪና ወይም በረዘመ ማንጣት። ጉዳቱ ላይ ላዩን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አንሡና ተመልከቱ። ከሥሩ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ አጥንት ከወጣ ይተርፋል። ዱቄቱ ከቀጠለ ጣሉት፤ የቢላ እጀታ ሆኖ እጅ ውስጥ ከሚሰበር አሁን ይቅር።

ቡናማ ነጠብጣብ ሙቀት ያረጋው ደም ነው። ጥቁር ወይም ብርቱካናማ ነጥብ ከብረት የመጣ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ድር ሻጋታ ነው፤ ማድረቂያው ቦታ አየር አላገኘም። ሻጋታውን በ3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ለአንድ ሰዓት ይዛችሁ ቦታውን ቀይሩ።

ጸጉር የሚያክል ስንጥቅ ጫፉ ላይ ከታየ ከስንጥቁ 1 ሴንቲሜትር አልፋችሁ ቁረጡት፤ ስንጥቅ እንዳለ ከተተወ በሥራ ጊዜ ይረዝማል። መሐሉ ላይ ከሆነና መጣል ካልፈለጋችሁ ቀጭን ፈጣን ሙጫ አንጠባጥቡበት፣ እስኪጠጣ ጠብቁና በላዩ ሞርዱ።

ለሥራ ስታወጡት

የጸዳው አጥንት ሲቆረጥና ሲሞረድ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ መሣሪያው በጣም ፈጥኗል፤ ሙቀቱ ላዩን ያጠቁረዋል፣ ስንጥቅም ይጀምራል። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ውሃ ጠብ አድርጉ። በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ከ120 ጀምራችሁ በ220፣ በ400፣ በ600 እስከ 1000 ድረስ ከሄዳችሁ ያለ ምንም ቀለም ይብለጨለጫል። በኤፖክሲ የምታጣብቁ ከሆነ የሚጣበቀውን ገጽ በ80 ቁጥር አሻክሩ፣ በአልኮል ጠርጉ፣ ከዚያም በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ብቻውን ሙጫ ያስለቅቃል።

ለሌላ ጊዜ የሚቀመጠውን በወረቀት ከረጢት ወይም በካርቶን አኑሩት። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። ውሻና አይጥ የማይደርሱበት፣ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ይሁን። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በእርሳስ የትኛው አጥንት እንደሆነ፣ ከሳሙናው የወጣበትን ቀንና የወረቀት ፍተሻውን ያለፈበትን ቀን ጻፉበት፤ እርሳስ በቀላሉ ይሞረዳል፣ እስክሪብቶ ግን ወደ ቀዳዳው ይሰርጋል።